ጭራ የሌላቸው ዱባዎች

አብርሆት ዱባውን በጭራው አንጠልጥላ ስታነሳው ጭራው ቀጭ ብሎ እጇ ላይ ቀረ። ዱባው መሬት ላይ ዱብ አለ፤ ግን አልተሰነጠቀም። ጭራውን ቀድመው እንደተነቀሉት ወደ እንሰቱ ሥር ወረወረችና መንገዱን አየች። የመረብ ኳስ ቡድናቸውን ወደ ደካ የሚወስደው አይሱዙ ገና አልመጣም።

እናቷ ጠዋት ወደ ማሳ ስትወጣ አስጠንቅቃት ነበር። ዱባ የሚነሳው እንደ ሕፃን ከሥሩ ታቅፎ ነው። ጭራው ያልተነቀለው ቆጥ ላይ ወጥቶ፣ የምድጃው ጭስ እያገኘው ወራት ይቆያል። የተነቀለው ግን ከዚያው ከቀዳዳው ጀምሮ ይበሰብሳል፤ አጠገቡ ያለውንም ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ የዚያኑ ቀን ተልጦ፣ ተዘልዝሎ፣ በቃጫ ተሰክቶ ከምድጃው በላይ ይሰቀላል። የቦንጋን ሰማይ አምኖ ዱባ ውጭ የሚያሰጣ ሰው የለም።

ይህን ሁሉ ታውቃለች። ግን አንድ በአንድ ማቀፍ ጊዜ ይፈጃል፤ መዘልዘል ደግሞ ቀኑን ሙሉ ይወስዳል። የስምንተኛ ክፍል ሴቶች ዛሬ ደካ ላይ መረብ ኳስ ይጫወታሉ፤ ኳስ አቀባይዋ ደግሞ እሷ ናት።

የቡድኑ አምበል ዚነት፣ የባለሱቁ የጃፈር ልጅ፣ በአጥሩ በኩል አንገቷን አሰገገች።

«አንቺ፣ ዱባ ልታገቢ ነው እንዴ? ሁሉም ተሰብስቧል እኮ።»

አብርሆት ጭራቸው የተነቀለባቸውን ዱባዎች አሳየቻት። ለእናቷ ብትነግራት ደካ መሄድ የሚባል ነገር አይኖርም።

«ቆጡ ላይ ከኋላ ደፍተሽ አስቀምጫቸው» አለች ዚነት። «ማን ያያል? ነገ ትዘለዝያቸዋለሽ።»

ነገ ትምህርት አለ፤ ከነገ ወዲያም። አብርሆት ግን መሰላሉን ወጣች። ጭራ የሌላቸውን ከኋላ ደፋች፤ ደህናዎቹን ከፊት ደረደረች።

እናቷ ከጎረቤታቸው ከእትዬ ብርቅዬ ጋር ተመለሰች። ከታች ሆና ቆጡን ቀና ብላ ስታይ ፊቷ ፈካ። ዘንድሮ በቆሎውን ነፋስ አስተኝቶት ነበር፤ ከሥሩ የተዘራው ዱባ ግን ፀሐይ አግኝቶ ማሳውን ሞላው።

«ይኼ እስከ ግንቦት ከቆየልን ላሚቱን አልሸጥም» አለች።

እትዬ ብርቅዬ ሳቀች። «ልጅሽን በዱባ ብቻ ከቀለብሻት ኳሱን ትታ ራሷ ትንከባለላለች።»

እናቷም ሳቀች። የተቀቀለ ጎደሬ በኮባ ጠቅልላ ለአብርሆት ሰጠቻትና ሂጂ አለቻት።

በመንገዱ ላይ ዚነት ስለ ደካ ልጆች ቁመት ታወራለች። አብርሆት አልሰማቻትም። አንዴ ትፈጥናለች፣ አንዴ ወደ ኋላ ትቀራለች። ላሚቱ በገመድ ተይዛ ወደ ሺሺንዳ ገበያ ስትሄድ ትታያት ጀመር።

አይሱዙው መጣ። ልጆቹ እየተጓተቱ ተሳፈሩ፤ ዚነትም ከላይ እጇን ዘረጋችላት።

«በእኔ ቦታ ራሕመት ታቀብል» አለች አብርሆት።

«ራሕመት? እሷ እኮ ኳስ ስትመጣባት ዓይኗን ነው የምትጨፍነው።»

«አውቃለሁ።»

ከልብሷ በላይ የደረበችውን ማሊያ አውልቃ ወደ ላይ ወረወረችላት። ዚነት የተናገረችው ነገር ነበር፤ የሞተሩ ድምፅ ዋጠው።

ቤት ስትመለስ እናቷ ማድ ቤት እሳት እያያያዘች ነበር።

«መኪናው አመለጠሽ?»

«አላመለጠኝም።»

አብርሆት በመሰላሉ ወደ ቆጡ ወጣች። የፊቶቹን ወደ ጎን ገፋ ገፋ አደረገችና ከኋላ አንዱን አቀፈች፤ በሁለት እጇ፣ ከሥሩ።

«እማዬ፣ ተቀበይኝ።»

እናቷ ተቀብላ ገለበጠችው። ቀዳዳውን አየች፤ ከዚያ ወደ ልጇ ቀና አለች። ዱባውን ምድጃው አጠገብ አስቀመጠችና እጆቿን እንደገና ወደ ላይ ዘረጋች።