በሩ ጋ ማን ይተኛ?

ጎራታ ትባላለች። ዕድሜዋ ዘጠኝ ዓመት ነው። የምትኖረው ጋቦሮኔ ከተማ ሲሆን፣ እዚያ የራሷ ክፍልና የራሷ አልጋ አላት።

ልጆች፣ ይህን ታሪክ ዛሬ የምነግራችሁ ተቆጥቼ ነው። ለምን እንደተቆጣሁ መጨረሻ ላይ ታውቁታላችሁ። አሁን ምንጣፉ ላይ መገፋፋቱን ተዉና ስሙኝ።

ትምህርት ቤት ለብርዱ ወራት ሲዘጋ ጎራታ ከአባቷና ከእናቷ ጋር ወደ አያቷ ወደ እማማ ጋኦኔ ቤት መጣች። እማማ ጋኦኔን ታውቋቸዋላችሁ፣ ጎረቤቴ ናቸው። ሁለት የልጅ ልጆች አብረዋቸው ይኖራሉ። ታላቁ ቦይካኞ ስምንት ዓመቱ ነው፣ ታናሹ ፓኮ ግን ገና አራት ዓመቱ ነው። እናታቸው ሩቅ ከተማ ትሠራለች። ፓኮ ስትናፍቀው ከበር ቆሞ፣ "ወደ እማዬ እሄዳለሁ" ይላል።

እንግዳ ሲመጣ ትልልቆቹ በቆርቆሮው ቤት፣ ልጆቹ በሣር ጎጆው ያድራሉ። እማማ ጋኦኔ ሰፊውን የስፖንጅ ፍራሽ መሬት ላይ ዘረጉና ሕጉን ተናገሩ።

"ታላቅ በሩ ጋ፣ ታናሽ መሃል፣ ተከታይ ግድግዳው ጋ። ባትሪው ከታላቅ ራስጌ አይለይም። ሕፃኑ ሽንቱ ሲመጣ ታላቅ ተነሥቶ መብራት ይዞ ይወስደዋል። እኔንም እናቴ እንዲሁ ነው ያስተኛችኝ። አለቀ!"

ጎራታ ታላቅ መባሉን ወደደችው። ባትሪውንም ወደደችው። በሩን ግን አልወደደችውም። ሌሊቱን ሙሉ ነፋሱ በበሩ ሥር እየገባ ጆሮዋን ሲገርፋት አደረ። እንቅልፍ ሸለብ ሲያደርጋት ደግሞ ፓኮ፣ "ጎራታ፣ ሽንቴ!" ብሎ ቀሰቀሳት። እያጉረመረመች ወሰደችው። ጠዋት ስትነሣ ዓይኗ ቀልቷል፣ ፊቷ ተኮሳትሯል።

"እማዬ፣ ቤታችን እንሂድ። አልጋዬን ነው የምፈልገው" አለች።

"አልጋሽ እግር አውጥቶ አይሄድም! ገና መምጣታችን ነው" አለቻት እናቷ።

ጎራታ ቀኑን ሙሉ እንደተናደደች ዋለች። ሲመሽ፣ ቦይካኞ ፍየሎቹን እየዘጋ ሳለ፣ ፓኮን ጠራችው። እጁ ላይ ከረሜላ አደረገችለት።

"ፓኮ፣ ዛሬ ሾሜሃለሁ። የበሩ ጠባቂ አንተ ነህ። ትልቅ ሰው ነው በሩ ጋ የሚተኛው።"

"እኔ? ትልቅ ሰው?" አለ ፓኮ። ደረቱን ነፍቶ በሩ ጋ ተኛ። ምስኪን! ሹመት መስሎት ደስ አለው። ጎራታ ግድግዳው ጋ ሄዳ በብርድ ልብስ ተጠቀለለች። ባትሪውን ግን ለጠባቂው አልሰጠችም። ትራሷ ሥር ወሸቀችው።

ቦይካኞ ገባና ቆሞ ቀረ።

"ይሄ ምንድን ነው? ፓኮ ለምን በሩ ጋ ተኛ?"

"ምን አገባህ?"

"ብርዱን ከፈራሽ እኔ በሩ ጋ ልተኛ። ዓመቱን ሙሉ እዚያ ነው የምተኛው። ባትሪውን ስጪኝ።"

"አልሰጥህም! ታላቅ እኔ ነኝ።"

"ታላቅ ከሆንሽ በሩ ጋ ተኚያ፣ የከተማ ቅምጥል!"

"ዞር በል፣ ፍየል ፍየል ትሸታለህ!"

የቦይካኞ ደም ፈላ። "በቃ፣ ታላቅነቱንም ባትሪውንም ታቅፈሽ እደሪ!" አለና መሃል ተኝቶ ጀርባውን ሰጣት። በንዴት ጥርሱን ነክሶ ነበርና ስለ ፓኮ አላሰበም። አያችሁ? ቦይካኞ እውነቱን ይዞ ነበር። ንዴቱ ግን ዓይኑን ጋረደው።

ሲነጋጋ እማማ ጋኦኔ ልጆቹን ሊቀሰቅሱ መጡ። በሩ ተከፍቷል። የፓኮ ቦታ ባዶ ነው። በእጃቸው ዳሰሱት፤ ቀዝቅዟል።

"ፓኮስ?" ብለው ጮኹ።

ቦይካኞ ብድግ ብሎ በባዶ እግሩ ወደ ሽንት ቤቱ ሮጠ። ፓኮ እዚያ የለም። በግቢው ዞሮ ተጣራ። መልስ የለም። የጎራታ አባትና እናት እየሮጡ ወጡ። እኔም ጩኸቱን ሰምቼ ነጠላ ጫማዬን ሳላደርግ በአጥሩ ቀዳዳ ገባሁ።

"ባትሪውስ የት አለ?" ብለው ጎራታን ጠየቋት እማማ ጋኦኔ።

ባትሪው ትራሷ ሥር ነው። እውነቱን ብትናገር ሁሉም ነገር ይወጣል፤ ግድግዳው፣ ከረሜላው፣ ሹመቱ። 

"ፓኮ... ፓኮ ይዞት ሄዶ ይሆናል" አለች።

"ባትሪ ከያዘማ መንገድ ወጥቷል! እናቴ ጋ እሄዳለሁ ሲል ነው የሰነበተው። አውቶቡሱ ጋ ሄዷል፣ አስፋልቱ ጋ! ውይ ልጄን!" አሉ እማማ ጋኦኔ። የጎራታ አባት መኪናውን አስነሥቶ በረረ። እኛም እየተጣራን ወደ መንገዱ ሮጥን።

ጎራታ ብቻዋን ጎጆው ውስጥ ቀረች። ትራሷን አነሣች። ባትሪው አለ። ፓኮ መንገድ እንዳልወጣ የምታውቅ እሷ ብቻ ነበረች። ጨለማን የሚፈራ ልጅ ያለ መብራት ያን ሁሉ መንገድ አይሄድም። ሰው ሁሉ ግን በእሷ ቃል ወደዚያ እየሮጠ ነው፣ ፓኮ ደግሞ የሆነ ቦታ ብርድ ላይ ነው። ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም። ልጆች፣ እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? አትመልሱልኝ፣ ለራሳችሁ መልሱ።

ጎራታ ባትሪውን ይዛ ወጣች። እየሮጠች፣ እያለቀሰች፣ ከግቢው በር ውጭ ደረሰችብን።

"እማማ! ባትሪው እኔ ጋ ነው! ዋሸሁ! ፓኮን በሩ ጋ ያስተኛሁት እኔ ነኝ!"

እማማ ጋኦኔ ዞሩ። እሳት ለብሰው እሳት ጎርሰው ነበር። እኔ ራሴ ወደ ኋላ አልኩ።

"የአንድ እናት ልጆች የአንበጣ ጭንቅላት እንኳ ይካፈላሉ ይባላል! አንቺ ብርሃን ትከለክዪዋለሽ? ሕፃን ልጅ ለነፋስ ሰጥተሽ አንቺ ግድግዳ ታቅፈሽ ታድሪያለሽ? እንዲህ ነው ታላቅ?"

ጎራታ አንገቷን ደፋች። "እኔ ነኝ ያጠፋሁት። በኋላ ይምቱኝ፣ እማማ። አሁን ግን መንገዱ ጋ አይደለም ያለው። ጨለማ ይፈራል።"

እማማ ጋኦኔ ንዴታቸውን እንደ መራራ መድኃኒት ዋጡት።

"እውነቷን ነው" አሉ። "መብራት የሌለው ሰው የሚሄደው ድምፅ ወደሚሰማበት ነው። ሌሊት ምን ይጮኻል?"

"ግልገሎቹ!" አለ ቦይካኞ።

ከፍየሎቹ በረት ጀርባ፣ በእሾህ የታጠረች የግልገሎች ማደሪያ አለች። ጣሪያዋ ዝቅ ያለ ስለሆነ ትልቅ ሰው አይገባባትም። ልጅ እዚያ ይኖራል ብሎ ማን ያስባል? ጎራታ በደረቷ ተስባ ገባች፣ እሾሁ ክንዷን እየጫረው። ባትሪውን አበራች። ፓኮ ከግልገሎቹ መሃል ተኮራምቶ ይንቀጠቀጣል። ከንፈሩ ደርቋል። ሱሪው ረጥቧል።

አወጣችውና እማማ ጋኦኔ በሻላቸው ጠቀለሉት።

"የኔ ልጅ፣ ያን ያህል ስንጣራ ለምን ዝም አልክ?"

"ሽንቴ መጥቶ ብቻዬን ወጣሁ፣ ጨለመብኝ፣ ሱሪዬ ረጠበ" አለ ፓኮ። ድምፁ በለቅሶ ተዘግቷል። "ሁላችሁም ትጮኻላችሁ። ትቆጡኛላችሁ ብዬ ነው።"

ሁላችንም አፈርን። አዎ፣ እኔም ጭምር። ንዴታችን ነበር ልጁን እዚያ የደበቀው።

ፓኮ ቀና ብሎ ጎራታን አያት። 

"ጎራታ፣ በሩን ትቼ ሄድኩ። ትሽሪኛለሽ?"

ይህን ስትሰማ ጎራታ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ማንም አልመታትም፤ ከዱላ ሁሉ ይህ ባሰባት። ፓኮን አቅፋ፣ "ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ አንተ ምንም አላጠፋህም" አለችው። ቦይካኞን ይቅርታ ጠየቀችው። እሱም እግሩን እያየ፣ "እኔም ተናድጄ ተውኩት" አለ። እግዚአብሔርንም እዚያው በረቱ አጠገብ፣ "ይቅር በለኝ" አለችው። ሰምቻታለሁ።

የዚያን ዕለት ማታ ማንም ሳያዝዛት ትራሷን አንሥታ በሩ ጋ አኖረችው። ባዶ ጆንያ ጠቅልላ የበሩን ሥር ወተፈች። ፓኮን መሃል አስተኛችው፣ ባትሪውንም ራስጌዋ አደረገች። እማማ ጋኦኔ ገብተው ይህን አዩ። ቁጣቸው ገና አልበረደም፣ ፊታቸውም አልተፈታም። ግን የራሳቸውን ወፍራም ሻል አውልቀው ጎራታን አለበሷትና ወጡ።

አሁን እኔ ለምን እንደተቆጣሁ ልንገራችሁ። ዛሬ ጠዋት ወደ ክፍላችን ስገባ ትልልቆቹ ምንጣፉን ይዛችሁ፣ ትንንሾቹን በሩ ጋ ሲሚንቶው ላይ አስቀምጣችኋቸው አገኘሁ። ነፋሱ እዚህ ድረስ ይሰማኛል! ተነሡ። አዎ፣ አንተም ተነሣ፣ ወደ ኋላ አትይ። ትንንሾቹን እጃቸውን ይዛችሁ ወደ ምንጣፉ አምጧቸው፣ እናንተ በሩ ጋ ተቀመጡ። እኔም መጣሁ፣ ወንበሬን አሳልፉልኝ።

ልጆች፣ ታላቅ የሚባለው ለታናሹ ብርዱን የሚከለክልለት ነው እንጂ ሙቁን ቦታ የሚቀማው አይደለም።