ከታራዋ እስከ ኪሪስማስ የምትተርፈው አርባ ደቂቃ

ያመነ ይመን፣ ያላመነ ይተወው... እኔ ግን በዓይኔ ያየሁትን ነው የምነግራችሁ።

ሐሙስ ቀን ነው። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት። ታራዋ አውሮፕላን ማረፊያ።

ናሬታ እባላለሁ። ሥራዬ ለአንዲት ትንሽ የጭነት አውሮፕላን የበረራ ርቀትና ሰዓት ማስላት ነው። ከእኛ ደሴት ከታራዋ እስከ ኪሪስማስ ደሴት ሦስት ሺህ ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በእኛ አውሮፕላን ስድስት ሰዓት ተኩል ይፈጃል።

አብራሪው ባራኒኮ ግን ሁልጊዜ ሰባት ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ይፈጅበታል።

ነፋስ ኖረ አልኖረ... አርባ ደቂቃ ትርፍ። አንድ አትጨምር፣ አንድ አትቀንስ።

የሚቃጠለው ነዳጅ ደግሞ የስድስት ሰዓት ተኩሉ ብቻ ነው።

ስለዚህ የሆነ ቦታ አርፎ ሞተር ያጠፋል ማለት ነው። ግን የት? መሀል መንገዱ እኮ ውሃ ብቻ ነው!

ባራኒኮ የእህቴ የቲያሬ ባል ነው። ኮንትሮባንድ ጠረጠርኩ። ሴትም ጠረጠርኩ።

"የት ነው የምታርፈው?" አልኩት።

"የሁለቱን ደሴቶች የሰዓት ልዩነት ረስተሽ ይሆናላ!" ብሎ ሳቀ።

"ሁለቱን ሰዓት ቀንሼዋለሁ። አታሞኘኝ።"

ሳቁ ቆመ። ግራ ቀኙን አየና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

"ናሬትዬ... በቲያሬ ሞት፣ ቁጥሩን አስተካክይና ተይው።"

ይሄኔ ጥርጣሬዬ ባሰ። አለቃዬን አስፈቅጄ፣ ያን ሐሙስ አብሬው ተሳፈርኩ። ከመድኃኒት ካርቶኖቹ አጠገብ ተቀመጥኩ። ዓይኔን ከሰዓቴ አልነቀልኩም።

አራት ሰዓት ከሩብ ሲሆን... ሞተሩ ዝም አለ።

አልወደቅንም።

አልተንገጫገጭንም።

ዝም ብለን ቆምን... አየር ላይ!

በመስኮት ቁልቁል አየሁ። የአውሮፕላናችን ጥላ ባሕሩ ላይ ወደፊት እየሄደ ነው... እኛን ትቶን።

"ባራኒኮ..."

"እሽሽ... ድምፅ እንዳታሰሚ።"

ረዳት አብራሪው ኢዮቴባ ዓይኑን ጨፍኖ ይጸልያል። የሚንቀሳቀሰው ከንፈሩ ብቻ ነው።

"ለምን አልነገርከኝም?" አልኩት በሹክሹክታ።

"ብነግርሽ ታምኚኝ ነበር?"

"ታዲያ ይሄን በረራ ለምን አትተወውም?"

"ለኪሪስማስ ሰዎች መድኃኒቱን ማን ያድርስላቸው?"

ልክ በአርባኛው ደቂቃ ሞተሩ በራሱ ተነሳ።

ኪሪስማስ ስንደርስ ፀሐይ ገና አልበረደችም። ዕቃ አውራጁ ሽማግሌ ካውቱ በሩን ከፈተና ባራኒኮን፣

"ዛሬ ሦስት ሆነው ነው የመጡት" አለው።

"እነማን?" አልኩ ብቅ ብዬ።

ሲያየኝ ክው አለ።

"የፈጣሪ ያለህ! ሦስተኛዋ ያንቺ ናት ለካ..."

"ምን የኔ?"

"ከአርባ ደቂቃ በፊት በባሕሩ በኩል በእግራቸው መጡ። ውሃ እየተንጠባጠቡ። ሁለቱማ ሁሌም እንደዚያው ነው የሚመጡት፣ ልጄ። 'አውሮፕላኑስ?' ስላቸው... 'ይመጣል' ነው የሚሉኝ።"

ባራኒኮ ክንዴን ጨምቆ ያዘኝ።

"ወደ መንገዱ እንዳታዪ።"

አየሁ።

በመንደሩ የጭነት መኪና ላይ ሦስት ሰዎች ጀርባቸውን ሰጥተውን ተቀምጠዋል። መሀል ያለችው የለበስኩትን ቢጫ ቀሚስ ለብሳለች... እርጥብ ነው።

መኪናው ተነሳ።

እሷም ወደኛ ሳትዞር... እጇን አንስታ አውለበለበችልኝ።