ወቅቱን የሳተው ማባበያ

ሆይት ሌድቤተር የሞተው በግንቦት አጋማሽ፣ ባስ የሚባሉት ዓሦች እንቁላላቸውን ጥለው በጨረሱበት ሰሞን ነበር። አስከሬኑን ያገኘው የሚስቱ ወንድም ላማር ነው። ጀልባዋ በሐይቁ ደቡባዊ ጥግ በውሃ አበቦቹ መካከል ተቀርቅራለች፤ ሆይት ከእሷ ትንሽ ራቅ ብሎ፣ ወገብ በማይደርስ ውሃ ውስጥ በፊቱ ተደፍቷል። ከጆሮው ኋላ የራስ ቅሉ ተሰንጥቋል።

የአውራጃው መርማሪ ኢኔዝ ቶሊቨር ስትደርስ ሐኪሙ ሥራውን እየጨረሰ ነበር።

«ወድቆ ነው እንዳልልሽ፣ ጀልባዋ ውስጥ ወድቆ ራሱን የሚሰብርበት ነገር የለም» አላት ጓንቱን እያወለቀ። «በመቅዘፊያው ነው የተመታው፣ ያውም ከኋላ። ውሃም ጠጥቷል።»

«ውሃው ውስጥ ሲወድቅ በሕይወት ነበረ ማለት ነው?»

«ነበረ። አንድ ሰው ቀና ቢያደርገው ኖሮ ይተርፍ ነበር።»

ኢኔዝ ሱሪዋን እስከ ጉልበቷ ጠቅልላ ወደ ጀልባዋ ገባች። ሃምሳዎቹን ያጋመሰች፣ ስትናገር የማትቸኩል ሴት ናት፤ አባቷ ኦቲስ በዚህ በአላባማ ምድር ያላጠመደበት ኩሬ አልነበረም፣ እሷንም ከኋላው እያስከተለ ነው ያሳደጋት።

ጀልባዋ ውስጥ አንድ የማጥመጃ ዘንግ ተጋድሟል። በክሩ ጫፍ የታሰረው፣ መንጠቆ የተሰካበት የዓሣ ማባበያ ጠቆር ያለ ወይን ጠጅ የላስቲክ እንሽላሊት ነበር። ኢኔዝ ረጅም ጊዜ አየችው። ቀጥላ በጀልባዋ ጎን በገመድ ታስሮ ውሃው ውስጥ የሚዋኘውን ብቸኛ ዓሣ አነሳች፤ ገና አልሞተም። ከንፈሩ ላይ ሁለት ትናንሽ ትኩስ ቀዳዳዎች ጎን ለጎን ነበሩ። በመጨረሻ ተንበርክካ የጀልባዋን ወለል በመዳፏ ዳሰሰችና ከጥፍር ቁራጭ የምታንስ የብረት ስባሪ አንስታ ፖስታ ውስጥ ከተተች።

«ምንድን ነው እሱ?» አለ ሐኪሙ።

«ደም ካለበት አንተ ትነግረኛለህ» አለችው።

ባሏ የሞተባት ቨርና ኩሽና ውስጥ እጇን ጭኗ ላይ አጣምራ ተቀምጣ ነበር። አላለቀሰችም፤ ገና ወሬው እላይዋ ላይ እንጂ ውስጧ አልደረሰም።

«ሚስ ቨርና፣ ሆይት ጠላት ነበረው?»

«ሆይት? ዓሣውን እንኳ ይቅርታ ጠይቆ ነው የሚለቀው። ለምሳው አንድ ያስቀራል፣ እሱንም አመስግኖ።»

«ዛሬ ከማን ጋር ወጣ?»

«ብቻውን። ድሮ ከዶይል ፕሩት ተለይቶ ውሃ ነክቶ አያውቅም ነበር። ካለፈው ሳምንት ወዲህ ግን ዶይል ሲደውል ስልኩን አያነሳም። ምን ሆናችሁ ብዬ አልጠየቅኩም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የእሑድ ምሳውን እኛ ጋ የበላ ሰው ነው፤ ያው እሑድ ይታረቃሉ አልኩ።»

«በዚህ ሰሞን ሆይት በምን ነበር የሚያጠምደው?»

«በካሌብ ማባበያ ነዋ።» ቨርና ግድግዳው ላይ ወዳለው ፎቶግራፍ ቀና አለች። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ መኪና ተገልብጦ የሞተው ልጃቸው ነበር። «ሆይት ከጽድ እንጨት ይጠርባል፣ ካሌብ ቀለም ይቀባል። ጀርባው አረንጓዴ፣ ጉሮሮው ቀይ። ውሃ ላይ እየተንሳፈፈ ፏጭ ፏጭ ይላል። አንዱን ሲቀባው ሳቅ ይዞት እጁ ተንቀጠቀጠና አንደኛው ዓይን ትልቅ ሆነ። የቀረን እሱ ብቻ ነው። ሣጥኑ ውስጥ አለልሽ።»

ኢኔዝ ከጀልባዋ የመጣውን የማጥመጃ ሣጥን ከፈተች። ባለ ትልቅ ዓይኑ ማባበያ አልነበረም። ጀልባዋም ውስጥ አልነበረም፤ በሟቹ ኪስም አልተገኘም።

ላማር በረንዳው ላይ ሲጋራ እያጨሰ ወዲያ ወዲህ ይላል።

«አውቃለሁ ሰዎች የሚሉትን» አላት ሳትጠይቀው። «ባለፈው ቅዳሜ ሰው ሁሉ እየሰማ ተጯጩኸናል። መዋኛ ይሆናል ብዬ ሐይቁ ዳር ላይ አረም ማጥፊያ ረጨሁ። የዓሣዎቹን ቤት አፈረስክ ብሎ ሊበላኝ! እኔ ምን አውቃለሁ? ዓሣ የማጠምደው ከሱቅ ማቀዝቀዣ ውስጥ ነው።»

«ሞክረህም አታውቅም?»

«ዶይል ሊያስተምረኝ ሞክሮ ነበር። እዚህ ሰፈር ሳይስቅብኝ ያናገረኝ እሱ ብቻ ነው። በመጋቢት አንድ ከረጢት የላስቲክ እንሽላሊት ሰጠኝ፤ ጋራዡ ውስጥ ተሰቅሎልሻል፣ ሳይከፈት።»

ኢኔዝ ከኪሷ ክርና መንጠቆ አውጥታ ሰጠችው። «እሰርልኝ።»

ላማር ምላሱን ነክሶ ታገለ። አስሮ የመለሰላት የጫማ ቋጠሮ ነበር።

«በሆይትና በዶይል መካከል ምን ገባ?»

«እንጃ። ሐሙስ ዕለት ዶይል በቴሌቪዥን የዓሣ ፕሮግራም ላይ ወጣ። ሆይት መሃል ላይ አጠፋውና እራቱን ሳይበላ ተነሳ። እኔ ስልኬ ላይ ነበርኩ፣ የተባለውን አልሰማሁም።»

ዶይል ፕሩት ከሐይቁ ማዶ ብቻውን ይኖራል። በሩን የከፈተላት ዓይኑ ቀልቶ ነው።

«የኦቲስ ልጅ» አላት። «ግቢ። ሻይ አለ፣ ቀዝቃዛ።»

«አመሰግናለሁ። ጣትዎን ምን ነካው?»

አውራ ጣቱ ላይ የተለጠፈውን ፕላስተር አየት አደረገው። «የዶሮ ቤቱ ቆርቆሮ። ጠዋት እሱን ስጠግን ነው ወሬውን የሰማሁት።»

«ዶይል፣ ሆይት ዛሬ ጠዋት ምን ይወረውር ነበር?»

«እንቁላል ካበቃ በኋላ? አባትሽ አላስተማረሽም?»

«እርስዎ ያስተምሩኝ።»

ሰውዬው ለአፍታ ሐዘኑን የረሳ መሰለ፤ እጆቹ አየር ላይ ዘንግ መያዝ ጀመሩ። «እናቶቹ ደክመዋል። ከዳር ራቅ ብለው ጥልቁ የሚጀምርበት ላይ ያርፋሉ። ለእነሱ ማስጠሚያ እርሳስ የሌለው ለስላሳ የላስቲክ ትል፣ እንደ ቅጠል እየተወዛወዘ የሚሰጥም። አባቶቹ ግን ዳር ዳሩን ግልገሎቻቸውን ይጠብቃሉ። ፀሐይ ሳትበረታ ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ነገር ትወረውሪያለሽ። አንዴ ሳብ፣ ከዚያ ዝም። ትንሽ ሐይቅ ላይ ዓሣው ገና ጀልባዋ ስትነቃነቅ ሰምቶሻል፤ ዝም ማለት የማይችል ሰው ባዶ እጁን ነው የሚገባው።»

ኢኔዝ የእንሽላሊቱን ፎቶግራፍ አሳየችው። ዶይል አየውና ራሱን ቀስ አድርጎ ነቀነቀ።

«ይሄ የሚያዝያ ነው። እንሽላሊት እንቁላል ይሰርቃል፤ ባሱ ጎጆው ላይ ሲያየው በንዴት ይነክሰዋል። አሁን ምን እንቁላል አለና? ይሄን ያሰረው ሆይት አይደለም። የማያውቅ ሰው ነው።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ላማርን እየወነጀልኩ አይደለም። ግን ልጁ ቁጡ ነው።»

ኢኔዝ አመስግና ወጣች። ሻይዋን አልነካችውም።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ሁሉንም በሌድቤተሮች በረንዳ ላይ ሰበሰበቻቸው። ቨርና ተወዛዋዥ ወንበሯ ላይ ናት፣ ላማር አጥሩን ተደግፏል፣ ዶይል ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ከቨርና ጎን ተቀምጧል። ሸሪፉ ደረጃው ላይ ቆሟል።

«ትናንት ይሄን እንሽላሊት ሳየው የማያውቅ ሰው ምርጫ ነው አልኩ» ብላ ጀመረች። «ወቅቱ አልፏል። ዶይልም ይህንኑ ነገሩኝ። ዓሣ የማያውቅ፣ ከሟቹ ጋር የተጣላ፣ ጋራዡ ውስጥ እንዲህ ያለ እንሽላሊት የሰቀለ ሰው ደግሞ እዚሁ አለ።»

«እኔ አይደለሁም!» አለ ላማር።

«ቆይ። ምርጫው የማያውቅ ሰው ነው፤ አስተሳሰሩ ግን አይደለም። የመንጠቆው ጫፍ አረም እንዳይዘው ተመልሶ ላስቲኩ ውስጥ ተቀብሯል። ከፊቱ ያለው እርሳስ እንዳይንሸራተት ተቆልፏል። ቋጠሮው ጥብቅ ነው፣ ትርፉም ተስተካክሎ ተቆርጧል። ላማር ለእኔ ያሰረልኝ የጫማ ቋጠሮ ነው። እንዲህ አድርጎ ማሰር የሚችል ሰው ወቅቱን ይስታል? አይስትም። አውቆ ካልሆነ።»

«ሆይት ራሱ ቢያስረውስ?» አለ ዶይል። «ሰው አንዳንዴ ይሞክራል።»

«እኔም አስቤው ነበር። ግን የተያዘውን ዓሣ አየሁት። እንሽላሊቱ ያለው አንድ ትልቅ መንጠቆ ነው። ዓሣው ከንፈር ላይ ያለው ጎን ለጎን ሁለት ትናንሽ ቀዳዳ ነው፤ የባለ ሦስት ጣት መንጠቆ ሥራ፣ ውሃ ላይ የሚንሳፈፉት የእንጨት ማባበያዎች የሚይዙት። ሆይት ጠዋት ዓሣውን የያዘው በካሌብ ማባበያ ነው። ታዲያ ማባበያው የት ሄደ? ሆይት ለውጦት ቢሆን ሣጥኑ ውስጥ ይገኝ ነበር። አንድ ሰው ይዞት ሄዷል።»

«ማን ነው አሮጌ ማባበያ የሚሰርቀው?» አለ ሸሪፉ።

«መስረቅ አልፈለገም። ሰውነቱ ላይ ተሰክቶበት ነው። መንጠቆ ሥጋ ውስጥ ከገባ እንዲሁ ቢጎትቱት አይወጣም። አጥማጅ የሆነ ሰው ጫፉን በሌላ በኩል ገፍቶ ያወጣና በፒንሳ ይቆርጠዋል። የተቆረጠችውን ጫፍ ከጀልባዋ ወለል ላይ አገኘኋት፤ ደም ነበረባት። ደሙ ያለበትን ማባበያ ትቶ እንዳይሄድ ክሩን ቆርጦ ከወሰደው በኋላ ባዶ ክር ጥያቄ ያመጣል። ስለዚህ ሌላ አሰረ። መርማሪዋ የኦቲስ ልጅ መሆኗን ያውቃልና፣ እኔ አይቼ ላማርን እንድይዝ የተሳሳተውን መረጠ።»

ላማር ቀስ ብሎ ወደ ዶይል ዞረ።

«ቆርቆሮ ሲቆርጥ አንድ መስመር ነው የሚተወው» አለች ኢኔዝ። «መንጠቆ መግቢያና መውጫ አለው። ዶይል፣ ፕላስተሩን ያንሱልኝ።»

ዶይል አልተንቀሳቀሰም። ቨርና ናት እጁን የያዘችው። ስታክመው እንደኖረች ሁሉ ጭኗ ላይ አስቀመጠችና ፕላስተሩን በጥፍሯ ላጠችው። ሁለት ቀዳዳ ነበር። አንዱ እዚህ፣ አንዱ እዚያ።

እጁን ለቀቀችው። «ለምን?» አለችው።

«ማባበያው መኪናዬ ውስጥ ነው» አለ ዶይል። «መጣል አልቻልኩም።»

«ለምን ነው ያልኩህ።»

«ቴሌቪዥኑ ላይ ተመሳሳዩን አሳየኋቸው፣ ድሮ ሆይት የሰጠኝን። ማን ሠራው ሲሉኝ እኔ አልኩ። ቀለሙንስ? እኔ። አንዴ ከወጣ በኋላ ሰው ሁሉ ‹የዶይል› ይለው ጀመር። ትናንት ይቅርታ ልጠይቀው ዳር ላይ ጠበቅሁት፤ ጀልባውን አስጠግቶ አስገባኝ። አልተቆጣም እኮ ቨርና! ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ማባበያውን እጄ ላይ አስቀመጠና ‹ሠሪው አንተ ሁን፣ ግድ የለኝም። የቀባው ካሌብ ነው በላቸው፣ ሌላ ምንም አልልህም› አለኝ። ሰው ሁሉ ሰምቷል፣ ውሸታም ሊሉኝ ነው አልኩት። ‹እንግዲያው እኔ እነግራቸዋለሁ› ብሎ ዘንጉን አንስቶ ጀርባውን ሲሰጠኝ፣ ክሩ ተስቦ መንጠቆው ጣቴ ውስጥ ገባ። መቅዘፊያው ከአጠገቤ ነበር።»

«ሲወድቅ በሕይወት ነበረ» አለች ኢኔዝ።

ዶይል ባርኔጣውን አየ። «አውቃለሁ» አለ።

ቨርና ወንበሯን ከእሱ ራቅ አደረገች።

«እኔንስ?» አለ ላማር፤ ድምፁ ተሰብሮ ነበር። «እኔ ምን አደረግኩህ? እዚህ አገር ወዳጅ ያልኩት አንተን ነው።»

ሸሪፉ የዶይልን ክንድ ይዞ አስነሳውና በጓሮ በኩል ወሰደው።

ትንሽ ቆይቶ ቨርና ከምትሄድበት ቤተ ክርስቲያን ዊልማ በጨርቅ የተሸፈነ ትልቅ ትሪ ተሸክማ ደረጃውን ወጣች። የተጠበሰ ዶሮ ይሸታል።

«ነፍሴ፣ ቨርና» አለች እያለከለከች። «ዶይልስ? ቤቱ ሄጄ አጣሁት። ምስኪን፣ ከሁላችን የሚብሰው በእሱ ነው። ለእሱም የሚሆን ጨምሬ ነው የሠራሁት።»

«ዊልማ» አለች ቨርና። «ሆይትን የገደለው ዶይል ነው።»

ዊልማ ፈገግ አለች፤ በሐዘን ያበደች ሴት እንደሚያባብሉ ዓይነት ፈገግታ። ከዚያ የላማርን ፊት አየች፣ ቀጥላ የኢኔዝን። ቨርና ቶሎ ብላ ተነስታ ትሪውን ከእጇ ተቀበለቻት፤ ሊወድቅ ነበር።