ለሟች የተደወለው ስልክ

ሬይኖ ካንጋስ ሞቶ የተገኘ ዕለት፣ በሕይወቱ ሳለ ሰላምታ ይነፍገው የነበረ ሰው ሁሉ ደጁ ላይ ተኮልኩሎ ነበር። የፊንላንድ ስደተኞች የሠፈሩባት ታማራክ ቤይ እንዲህ ናት። የወረቀት ፋብሪካ ሠራተኛ የሚከበረው ሲሞት ነው፤ እሱም ለአንድ ጠዋት ብቻ።

አስከሬኑ ሐይቁ ዳር በገዛ እጁ በሠራው ሳውና፣ የእንፋሎት መታጠቢያ ቤት ውስጥ፣ የእንጨት አግዳሚው ላይ በጎኑ ተጋድሟል። ምድጃው ቀዝቅዟል። በመልበሻው ክፍል በኩል ያለው የጭስ ማውጫ መዝጊያ እስከ መጨረሻው ተገፍቶ ተዘግቷል። እሳቱ ሳይጠፋ ያን መዝጊያ መዝጋት ውስጥ ያለውን ሰው በጢስ መርዝ መግደል ነው፤ ይህን የፊንላንድ ዘር ያለው ሁሉ ገና በእግሩ ሳይሄድ ያውቀዋል።

ኮንስታብል ፒተርስ ገና ሳይጠየቅ ፍርዱን ሰጠ።

«ራሱን ነው ያጠፋው። ትናንት ቅዳሜ ብሎጉ ላይ ተሰናብቷል።»

መርማሪ በርናዴት ሞሪሶ ከባሕረ ሰላጤው ማዶ ካለው የነባሩ ሕዝብ፣ የኦጂብዌዎች መንደር የተወለደች፣ አጭር፣ ጸጉሯ የሸበተ ሴት ናት። ፖሊስ ስትሆን ሻይ እንድታፈላ የጠበቁ አለቆች ነበሩ። እነሱ ጡረታ ወጡ፤ እሷ ግን ስማቸውን እስከነአባታቸው አትረሳም።

«አንብብልኝ» አለች።

ፒተርስ ከስልኩ አነበበ። «ስለ ፋብሪካው የጻፍኩት ሁሉ ውሸት ነው። የተቀበረ በርሜል አላውቅም። ደክሞኛል፤ ይቅር በሉኝ።»

«ውሸት!» የሚል ድምፅ ከበሩ መጣ። አስከሬኑን ያገኘችው የሟቹ የወንድም ልጅ ሄልሚ ናት። ካፖርቷን ከሌሊት ልብሷ በላይ ደርባለች። «አጎቴ እንዲህ አይጽፍም!»

መርማሪዋ ይዛት ወደ ቤቱ ገባች። በሩ ክፍት ነበር።

«ቁልፍ ያለው ማን ነው?»

«እዚህ መንደር በሩን የሚቆልፍ ማን አለ?»

ወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ ሽቦው የተጠማዘዘ አሮጌ ስልክ ተሰቅሏል። ጠረጴዛው ላይ ኮምፒዩተር በርቷል፤ ማያው ግን የይለፍ ቃል ይጠይቃል፣ የሚጠይቀውም በፊንላንድኛ ነው።

«ምን ይላል?»

«እኔ እንጃ። እናቴ በልጅነቷ ፊንላንድኛ ተናገርሽ ተብላ በትምህርት ቤት ተገርፋለች። ለእኔ አንዲት ቃል አላስተማረችኝም።» ሄልሚ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለች። «የፊታችን ሐሙስ ኮሚሽኑ ይሰበሰባል። ፋብሪካው የመርዝ በርሜል የቀበረበት ይፈለግ ወይስ ይተው ብለው የሚወስኑት በአጎቴ ጽሑፍ ነው። ልጄ ማንኪያ መያዝ አቅቷታል፤ እጇ ይንቀጠቀጣል። ሐኪሞቹ ‘ምን እንደጠጣች እወቁና ንገሩን’ ይሉኛል። ያቺ ጽሑፍ እንደዚያው ከቆየች ማንም አካፋ አያነሳም።»

«እንደዚያው እንድትቆይ የሚፈልግ ማን ነው?»

«ሻርፕ። ሌላ ማን ይሆናል?»

ጎርደን ሻርፕ የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ የነበረ ሰው ነው። ፋብሪካው ተዘግቶም የአለቃ አረማመዱን አልተወም። ኮረብታው ላይ ባለው ቤቱ መርማሪዋን እንደቆመች አነጋገራት።

«ቅዳሜ የት ነበሩ?»

«ቤቴ። ብቻዬን። ምነው፣ ልታስሪኝ ነው?»

«እስካሁን አላሰብኩም። እርስዎ ግን ‘አንቺ’ ለማለት ቸኮሉ።»

ሰውየው ጉሮሮውን ጠረገ። «ሬይኖ የበር ዘበኛ ነበር። ኮምፒዩተር ነክቶ የማያውቅ ሰው ተነስቶ በድረ ገጽ ስሜን ያጠፋል! እዚህ አገር ማንም መሃይም ጋዜጠኛ ሆነ።»

«ጽሑፎቹን አንብበዋል?»

«ሁሉንም። ቤተ መጻሕፍት ጋዜጣ ሳነብ የይለፍ ቃሉን እንኳ ሲጮህ ሰምቼዋለሁ። የውሻው ስም!»

«ፊንላንድኛ ይሰማሉ?»

«እድሜ ልኬን አዝዣቸዋለሁ፤ ቋንቋቸውን ለምን ብዬ ነው የምማረው?»

መርማሪዋ አመስግና ወጣች። አንዳንድ ሰው ስድቡ ራሱ ምስክር ይሆነዋል፤ ይህን ግን ሻርፕ ገና አልተረዳም።

ሬይኖ የተማረውን የብሎግ ትምህርት በቤተ መጻሕፍቱ የሚሰጠው ከርቲስ ዌድ ነበር፤ ወጣት፣ ከከተማ የመጣ፣ ሽማግሌዎቹን «ወዳጆቼ» እያለ የሚጠራ። ዓይኑ ቀልቷል።

«ማን ማን ነበር ተማሪው?»

«ሬይኖ፣ ሄልሚና ቶም ኬቶላ። ቶም የሬይኖ የድሮ ጓደኛው ነው። ሬይኖ በአንድ ጣቱ እየነካ የሚጽፈውን ፊደል ሁሉ ጮክ ብሎ ይጠራል። ‘ኧረ የይለፍ ቃል አይጮህም!’ እለዋለሁ፤ ‘ምን የምደብቀው አለኝ?’ ይለኛል። ቀይረው ብዬ ብለምነው የውሻዬን ስም አልክድም አለ።»

«ታዲያ ተውከው?»

«አልተውኩትም። ባለፈው ማክሰኞ ሁለተኛ ቁልፍ አስገባሁለት። የይለፍ ቃሉን የሚያውቅ ሰው እንኳ ብሎጉ ከማያውቀው መሣሪያ ሊገባ ቢሞክር፣ አንድ ጊዜ ብቻ የሚሠራ ቁጥር ይጠየቃል። ለሌላው ሰው ቁጥሩ በሞባይል መልእክት ይመጣል። ሬይኖ ሞባይል የለውም። ስለዚህ የወጥ ቤቱ ስልክ ይጮህና አንድ ድምፅ ቁጥሩን ያነብለታል።»

«ከራሱ ኮምፒዩተር ሲገባስ?»

«ከማክሰኞ ወዲህ ብሎጉ የሚያውቀው ያን ብቻ ነው፤ አይጠይቀውም። ኮምፒዩተሩ ደግሞ የራሱ የይለፍ ቃል አለው፤ እሱን ለማንም አልተናገረም።»

«ማክሰኞ ማን አልመጣም?»

«ቶም።» ከርቲስ ፈገግ ለማለት ሞከረ፤ አልሆነለትም። «የዚያን ዕለት ሬይኖ ሲነካካ ሁሉን ነገር ወደ ፊንላንድኛ ቀየረው፤ የስልኩን ድምፅ ሳይቀር። ልመልስልህ ብል አዝራሮቹን ማንበብ አቃተኝ። ‘ተወው’ አለኝ፤ ‘በዚህ አገር ለመጀመሪያ ጊዜ ማሽን በቋንቋዬ አናገረኝ።’»

«አንተ መግባት ትችላለህ?»

«ብሎጉን ያቋቋምኩት እኔ ስለሆንኩ የራሴ መግቢያ አለኝ። የእሱን አልነካም።»

«ግባና የተሰረዘ ነገር ካለ አሳየኝ።»

ከርቲስ ገባ። የስንብቱ ጽሑፍ በሬይኖ መግቢያ የወጣ ነው። የተሰረዙ ጽሑፎች በሚቆዩበት ቦታ ደግሞ ቅዳሜ የተጣለ አንድ ረቂቅ ተገኘ፤ ርዕሱ አንድ የፊንላንድኛ ቃል፣ ከሥሩ ባዶ። ሬይኖ ሌላውን ሁሉ የጻፈው በእንግሊዝኛ ነበር።

መርማሪዋ ቃሉን እጇ ላይ በብዕር ገልብጣ ወደ ቶም ኬቶላ ሄደች።

ቶም ከሟቹ ቤት በዚያው መንገድ ትንሽ ዝቅ ብሎ ይኖራል። ደጁ ላይ ዓሣ ይገፍፋል። አጠገቡ ያለው ታብሌት የሆኪ ጨዋታ ያሳያል።

«ነይ ልጄ፣ አረፍ በይ። ሽታውን ከቻልሽው።»

«ዓሣ ገፍፌ ነው ያደግኩት፣ አቶ ኬቶላ። የሬይኖ ጓደኛ ነበሩ ይሉኛል።»

«ነበርኩ። በጋ ላይ ተጣላን፤ ከዚያ ወዲህ አንድ ቃል አልተነጋገርንም። ክፍል ውስጥ እንኳ ጀርባዬን ሰጥቼው ነበር የምቀመጠው።»

«በምን ተጣላችሁ?»

«በዚያ በብሎጉ ነዋ! የሞተ ፋብሪካ ይቀሰቅሳል። ዛሬ ስለ አለቃው፣ ነገ ስለ ሾፌሩ፤ እሱን ሲጨርስ ስለ ማን ሊጽፍ ኖሯል? ስለ ቄሱ?»

መርማሪዋ የዓሣውን ቅርፊት ከእጅጌዋ አራገፈች።

«ፊንላንድኛ ያስታውሳሉ?»

«ኧረ ወዲያ! ፋብሪካው በር ላይ ነው ያስወለቁን፣ እንደ ቆሻሻ ጫማ። ስሜ ታውኖ ነበር፤ ቶም አሉኝ፣ ቶም ሆንኩ። አሁን የቀረኝ ስድቡ ብቻ ነው።»

«እርስዎ እዚያ ሥራዎ ምን ነበር?»

«ያዘዙኝ ሁሉ» አለ ቶም፤ ቢላዋውንም ዓሣው ላይ ጫን አደረገው።

ከዚያ መርማሪዋ ወደ ፊንላንዳውያኑ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ለቄሱ እጇን አሳየች። ከስልክ ኩባንያው ደግሞ የቅዳሜን ጥሪዎች ጠየቀች።

ሰኞ ቀትር ላይ አራቱም፣ ሄልሚ፣ ከርቲስ፣ ቶምና ሻርፕ፣ በቤተ መጻሕፍቱ መማሪያ ክፍል ተቀመጡ። ፒተርስ በሩ ላይ ቆመ። ሻርፕ ኮቱን ሳያወልቅ ማጉረምረም ጀመረ።

«ሰውየው ራሱን ገደለ። ተናዘዘ። እኛን ለምን ሰበሰባችሁን?»

«ከኑዛዜው ልጀምር» አለች መርማሪዋ። «ሬይኖ ጽፎት ቢሆን ጠረጴዛው ላይ ካለው ኮምፒዩተር ይጽፈው ነበር። ያ ኮምፒዩተር ቁጥር አይጠየቅም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ግን ብሎጉ የወጥ ቤቱ ስልክ ላይ ሁለት ጊዜ ደውሏል። እንግዳ መሣሪያ በሩን አንኳኩቷል ማለት ነው።»

«የሌላ ሰው መሣሪያ ተውሶ ቢሆንስ?» አለ ቶም።

«የመጀመሪያው ጥሪ ማንም ሳያነሳው ጮሆ ቆመ። ሬይኖ ሁለተኛ ቁልፍ እንዳለው ያውቃል፤ ጽፎ ቢሆን ስልኩ ሥር ቆሞ ይጠብቅ ነበር። ያ ሰው ግን አያውቅም። የይለፍ ቃሉን ይዞ ከቤቱ ሆኖ ሞከረ፤ ‘ስልክ ደውለንልሃል’ የሚል መልስ መጣበት። ደነገጠ። መሣሪያውን ይዞ ወደ ሟቹ ወጥ ቤት መጣ፤ እንደገና ሞከረ፤ ሁለተኛውን ጥሪ ራሱ አነሳው። ስንብቱ ወጣ፤ ረቂቁ ተሰረዘ።»

ሄልሚ ሁለት እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«ከርቲስ የራሱ መግቢያ እያለው በሬይኖ ስም ስልክ የሚጠብቅበት ምክንያት የለውም። ሄልሚም ማክሰኞ ክፍል ውስጥ ነበረች፤ ስልኩ እንደሚጮህ ታውቃለች። የመጀመሪያውን ጥሪ እንደዚያ አታባክነውም።»

«ሻርፕስ?» አለች ሄልሚ በምሬት።

«አቶ ሻርፕን ያዳናቸው ንቀታቸው ነው። ስልኩ ቁጥሩን ያነበበው በፊንላንድኛ ነው። እሳቸው ቢያነሱት እንደ ንፋስ ነበር የሚሰሙት። እስካሁን የምፈልገው ሰው ሦስት ነገር አለው፤ የይለፍ ቃሉን ሰምቷል፣ ማክሰኞ አልመጣም፣ ፊንላንድኛ ይሰማል።»

ቶም ሳቀ። «ረስቻለሁ ብዬሻለሁ እኮ፣ ልጄ።»

«ብለውኛል። ከሬይኖ ጋር ከበጋ ወዲህ እንዳልተነጋገራችሁም ነግረውኛል። በዚያው አፍዎ ደግሞ ‘ነገ ስለ ሾፌሩ’ አሉኝ። ሬይኖ ስለ ሾፌር አንድም ጽሑፍ አላወጣም፤ ሄልሚም ከርቲስም ከእሱ አልሰሙም። ያ ነገር ያለው አንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ በተሰረዘው ረቂቅ ርዕስ ላይ፣ በፊንላንድኛ። ቄሱ ተረጎሙልኝ። ‘ሾፌሩ’ ይላል። ቋንቋውን ረስተው ከሆነ እንዴት አነበቡት? ካነበቡት ደግሞ የስልኩን ድምፅ ለምን አይሰሙም?»

ቶም ወደ በሩ አየ፤ መርማሪዋ ግን ቀጠለች።

«ከማክሰኞ በፊት ብሎጉ አንድ ቁልፍ ብቻ ነበረው፤ ያኔ ገብተው ርዕሱን አዩት። ቅዳሜ ሬይኖ ሳውናው ውስጥ እስኪገባ ጠበቁና ከመልበሻው ክፍል መዝጊያውን ገፉት። በሩንም ያዙበት። የሬይኖን ስም ለማጥፋት ብሎጉን ሲከፍቱ ግን ሁለተኛው ቁልፍ ገጠመዎት። በርሜሎቹን የጫነው መኪና ሾፌር ማን ነበር፣ ታውኖ?»

ሽማግሌው በዱሮ ስሙ ሲጠራ ትከሻው ወረደ። ጣቱን ወደ ሻርፕ ቀሰረ።

«እሱ አዘዘኝ! እሱ ቤቱ ኮረብታ ላይ ተቀምጦ ያረጃል፤ እኔ ነኝ ሾፌሩ የምባለው? ሬይኖን ለመንኩት። ‘የአለቃውን ስም ጻፍ፣ የእኔን ተወው’ አልኩት። ‘ሁላችንም ነን’ አለኝ። እንግዲህ ምን ላድርግ? በዚህ ዕድሜዬ በሰው ፊት ይተፋብኝ?»

«አላዘዝኩም» አለ ሻርፕ፤ ቀለሙ ግን ጠፍቶ ነበር።

«ሐሙስ ይህን ለኮሚሽኑ ይንገሩ» አለችው መርማሪዋ። «ውሸት ነው በተባለ ጽሑፍ ምክንያት ሰው አይገደልም። አሁን የሚጠይቁት የተቀበረ ነገር መኖሩን አይደለም፤ የት እንዳለ ነው።»

ሄልሚ ተነስታ ቶም ፊት ቆመች። አልጮኸችም።

«የት ነው?»

«ጠበቃ ሳይኖርኝ አልናገርም።»

«ስለ አጎቴ አልጠየቅኩህም። ስለ ልጄ ነው። የት ነው?»

ቶም መሬት መሬት አየ። ፒተርስ እጁን ሊይዘው ሲጠጋ መርማሪዋ በዓይኗ አቆመችው።

«ከቤትሽ ጀርባ» አለ በመጨረሻ። «ዳገቱ ላይ፣ ጥዶቹ ሥር።»

ሄልሚ የሰማችው ወዲያው አልገባትም። ሲገባት ወንበሩን ያዘች።

«አጎቴ የመጀመሪያውን ጽሑፍ ካወጣ ጊዜ ጀምሮ የከተማውን ቧንቧ ፈርቼ ለልጄ ውሃ የምቀዳላት ከጉድጓዴ ነው» አለች። «ታውቃለህ። በየሳምንቱ እቤቴ ትበላ ነበር። አንተ ፊት ነው የምቀዳላት።»

«አውቃለሁ።»

«አንተስ ጠጥተህ ታውቃለህ?»

ቶም ራሱን ነቀነቀ።

«አንድ ቀን እንኳ አልጠጣሁም» አለ።