ዓይን ያለበት ወገን

እማዋይሽ ካሜራዋን በባለሦስት እግሩ መቆሚያ ላይ አስራ የመጀመሪያውን ፎቶ ስታነሳ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ነበር። በየሰዓቱ አንድ፣ እስከ አሥር ሰዓት፣ ከቆመችበት ሳትነቃነቅ፤ ዕቅዷ ይኸው ነው። ሰርግ ስታነሳ የኖረች ናትና ቆሞ መጠበቅ አይከብዳትም። ሐውልት ቢያንስ እንደ ሙሽራ ዘመድ «እኔንም ጨምሪኝ» አይልም።

ከፊቷ የቆመው ጭራቅ ቁመቱ ከሦስት ፎቅ ይበልጣል። አባቷ አለቃ ይትባረክ ዕድሜያቸውን በቤተ ክርስቲያን ሥዕል የፈጁ ሰው ነበሩ፤ በስተርጅና ግን ከሐይቁ በላይ ባለው ኮረብታ ላይ የተረት ፍጡራንን በብረትና በሲሚንቶ አቆሙ። አያ ጅቦን ሠሩ፣ ዘንዶውን ሠሩ፣ መጨረሻ ላይ ጭራቁን። ክፉ ሁልጊዜ በጎኑ፣ በአንድ ዓይን ብቻ ይሣላል የሚለውን የሰዓሊዎች ሕግ ግን እዚህም አልተዉትም። እሷ በቆመችበት በመንገዱ በኩል ያለው የጭራቁ ጉንጭ ዓይን የሌለው ልሙጥ ሲሚንቶ ነው፤ አንዱ ዓይን የተከፈተው ማንም በማይሄድበት በገደሉ በኩል ነው።

አለቃ ካረፉ ወዲህ ወሬ ተነሳ። ከገበያ የሚመለሱ ሴቶች ዓይኑን አየነው አሉ፤ ጭራቁ ይዞራል ተባለ። ማዘጋጃ ቤቱም እንደማይዞር ማስረጃ ካላመጣች ሊያፈርሰው ወሰነ፤ ቀጠሮው ሰኞ ነው። ነገሩ አንገበገባት። አባቴን ከሞተ በኋላ ጠንቋይ ሊያደርጉት ነው ብላ ጥርሷን ነከሰች።

የግቢው ዘበኛ ጋሽ ንጋቱ በስተቀኟ፣ በሩ አጠገብ ካለች ጎጇቸው ሬዲዮ ከፍተው ተቀምጠዋል። ቀደም ሲል መጥተው ይቅርብሽ ብለዋት ነበር።

«አለቃ ያንን ዓይን ሲሠሩ ወገባቸውን ከመወጣጫው እንጨት ጋር በገመድ ያስሩ ነበር» አሏት። «እኔ መውደቅ ፈርተው መስሎኝ።»

«ጋሼ፣ እኔ የምፈራው የማዘጋጃ ቤቱን ማፍረሻ መኪና ነው» አለቻቸው።

እስከ አራት ሰዓት ምንም አልነበረም። አምስት ሰዓት ላይ ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት የደረቀው ሲሚንቶ ዛሬ የተቦካ ይመስል እርጥብ እርጥብ ሸተታት። ንፋሱ ቆመ፣ ወፎቹም ዝም አሉ፣ የቀረው የሬዲዮው ድምፅ ብቻ ነበር፤ እሱም በስተቀኟ መሆኑ ቀርቶ ከኋላዋ ይሰማት ጀመር። ስድስት ሰዓት ላይ ከግራዋ መጣ። ስምንት ሰዓት ላይ ደግሞ ከግዙፉ አካል ባሻገር፣ ታፍኖ። ሽማግሌው ሬዲዮ ይዘው ይዞራሉ እንዴ ብላ ተናደደች።

ልሙጡ ጉንጭም እየቀጠነ ሄዶ ነበር። መጀመሪያ የአፍንጫው ጠርዝ ታያት፣ ከዚያ ቅንድቡ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዓይኑ ሙሉ በሙሉ ከፊቷ ነበር፤ ድፍርስ ነው፣ የመሶብ ክዳን ያህላል። ፈራች። ግን አልሸሸችም። ትኩር ብላ አየችውና ፎቶውን አነሳችው።

ከዚያ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ፎቶ አስተያየች። በጠዋቱ ፎቶ ከጭራቁ ጀርባ የሚታየው ገደሉና ሐይቁ ነው። በአሁኑ ደግሞ በሩ፣ መንገዱና የጋሽ ንጋቱ ጎጆ። ጭራቁ ንቅንቅ አላለም። ወደ መሬት ስታይ የካሜራው ሦስት እግሮች ሣሩን እያረሱ በሐውልቱ ዙሪያ ግማሽ ክብ አስምረዋል፤ ተረከዟ ከገደሉ ጫፍ የቀረው አንድ ክንድ ነበር። እግሯን ያነሳችበትን ጊዜ አታስታውስም።

«ልጄ!» አሉ ጋሽ ንጋቱ ከወዲያ ማዶ። «ማን ወሰደሽ እዚያ?»

እሷ ግን ካሜራዋን ከመቆሚያው ፈታች። አለመዞሩን አረጋግጣለች፤ የመጣችውም ለዚሁ ነው።

ሰኞ የዓይኑን ፎቶ በትልቁ አሳትማ ማዘጋጃ ቤት ገባች። ኮሚቴው ረጅሙን ጠረጴዛ ዙሪያውን ከቦ ተቀምጦ ነበር፤ እሷም ከሰብሳቢው ፊት ለፊት ተቀመጠች። ፎቶውን ጠረጴዛው መሀል ከውሃ ጠርሙስ ጋር አስደግፋ ፊቱን ወደ ሰብሳቢው አድርጋ አቆመችው። ዓይኑ ዛሬም በገደሉ በኩል እንደሆነ፣ ከጀርባው የሚታየው በር ምስክር መሆኑን፣ አባቷ የታወቁ ሰዓሊ እንጂ ሌላ እንዳልነበሩ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አስረዳች። ማን እንደዞረ የጠየቃት የለም፤ እሷም አልተናገረችም። ብዙ ካከራከረ በኋላ ሐውልቱ እንዳይፈርስ ተወሰነ፤ ሰብሳቢው ፈረሙ፣ ወረቀቱን ለእሷ አሳለፉላት።

እማዋይሽ አጎንብሳ ፈረመች፤ አባቷ ከስድብ ዳኑ፣ ዕንባዋ መጣ። ልታመሰግን ቀና ስትል ግን፣ ማንም ከወንበሩ ሳይነሳ፣ ጠረጴዛውን ከበው የነበሩት ሁሉ እሷን ጨምሮ በአንድ ወገን፣ የፎቶው ዓይን በሚያይበት ወገን፣ ትከሻ ለትከሻ ተቀምጠው ነበር።