በሌለ አጥር ዙሪያ

መንገዱ ያለ ምክንያት ወደ ግራ ታጠፈ። ፊት ለፊት ገደል የለም፤ ወንዝ የለም፤ ጉልበት የሚደርስ ደረቅ ሣር ብቻ እስከ ደኑ ጫፍ ድረስ ተዘርግቷል። በቅሎዋ ግን ማንም ሳይነካት አንገቷን አዞረችና ታጠፈች። ባለቤቷ ተከተላት። አጎትየውም ምርኩዙን እያስቀደመ ተከተለ።

ተመራማሪዋ ብቻዋን ቆመች። «ለምንድነው የምንዞረው?»

«መንገዱ ስለሚዞር ነዋ!» አለ ባለ በቅሎው። አፉ ስለማያርፍ አገሬው «ሬዲዮ» ይለዋል። «እትዬ፣ መንገድና ባለሥልጣን ለምን ዞርክ አይባልም።»

መልሱን እሷም ታውቀዋለች። አጥሩ እዚህ ነበር። የሠራውን ሰው ስም ዛሬም ጮክ ብለው አይጠሩም፤ «ሰውየው» ነው የሚሉት። ሰውየው በሥልጣን ዘመኑ ደኑንና ውስጡ የነበረውን መንደር በእሾሃማ ሽቦ አጠረ፤ ነዋሪውን በጭነት መኪና አግዞ አወጣ፤ ወደ ሽቦው በተጠጋ ሁሉ ላይ አስተኮሰ። ከወደቀ ቆይቷል። ሽቦው ተነቅሎ የዶሮ ቤት ሆኗል። የሰዉ እግር ግን እስከ ዛሬ ይዞራል። የእሷ የጥናት ሥራም ይኸው ነበር፤ የሌለን አጥር የሚዞሩ እግሮችን ተከትላ ካርታ ላይ መሣል።

ዛሬ ግን ለጥናት አልመጣችም። እናቷ ከተማ ውስጥ፣ መስኮቱ ግድግዳ በሚያይ የኪራይ ክፍል ተኝታለች። ሐኪሞቹ «ቤቷ ትረፍ» ብለው መልሰዋታል። የእናትየው ልመና አንድ ነው፤ «ከእናቴ ጎን ቅበሩኝ።» መቃብሩ ደግሞ ያለው ከአጥሩ ወዲያ፣ በፈረሰው መንደር ነው። ሬሳ ተሸክሞ እዚያ የሚገባ ጠፋ። ዘመድ ጎረቤቱ ሁሉ በአንድ ቃል፣ «መጀመሪያ በሕይወት ያለ ሰው ገብቶ ይውጣ» አለ። ይህን ሲሰማ የእናቷ ታላቅ ወንድም ምርኩዙን አንስቶ ተነሣ።

«ጋሼ፣ ደኑ ይኸው ነው» አለች እየደረሰችበት። «በሣሩ ብናቋርጥ እኩለ ቀን ሳይሆን እንደርሳለን።»

«በሩ በወዲያ በኩል ነው፤ በበሩ እንገባለን።»

«አጥር ሳይኖር የምን በር?»

አጎትየው ዞር ብሎ አያት። የሚቀልድ ሰው ፊት አልነበረም። «ልጄ፣ በበሩ ነው የሚገባው» አለና መንገዱን ቀጠለ።

ቀኑን ዙሩ በላው። ወደ ማታ ሸንተረሩ ላይ ሲወጡ ሰማዩ እንደ ብረት ምጣድ ጠቆረ። ከዚያ በረዶው ወረደ። ጠጠር የሚያህለው መጣ፤ ቀጥሎ እንቁላል የሚያህለው። በቅሎዋ ደነበረች፤ ጭነቱ ተበጥሶ ቁልቁል ተንከባለለ። ምግባቸውና ብርድ ልብሳቸው ገደል ገባ። እጃቸውን በራሳቸው ላይ አድርገው ሮጡ፤ የተገኘው መጠለያ አሮጌው የጠባቂዎች ማማ ብቻ ነበር።

ዝናቡ ባባራበት ድንግዝግዝ ጅቦቹ መጡ። መጀመሪያ ሽታቸው፣ ከዚያ ዓይናቸው። አጎትየውን በመሰላሉ ገፍተው አወጡት።

«አንተም ውጣ!» ጮኸች ተመራማሪዋ ተከትላ እየወጣች።

«በቅሎዬን ጥዬ?» ሬዲዮ ልጓሙን በሁለት እጁ ጨብጧል። «ሚስቴ ጥላኝ ስትሄድ ይቺ ነች የቀረችኝ!»

አንዱ ጅብ ከኋላ ዘሎ የበቅሎዋን ታፋ ያዘ። በቅሎዋ ረገጠችው፤ ጮኸች፤ ደም ፈሰሰ። ተመራማሪዋ ከማማው ወለል ላይ ሳንቃ ገነጠለች፤ ሌላም ገነጠለች። ከላይ የነበረው እንጨት ደረቅ ነበር። አጎትየው ክብሪቱን ጫረ። የተቀጣጠለውን ሳንቃ ይዛ ዘለለች፤ መንጋው ላይ ወረወረችው፤ ሌላ አቀጣጥላ እየጮኸች ተከተለችው። ጅቦቹ እያጉረመረሙ ወደ ጨለማው አፈገፈጉ። እስኪነጋ ሳንቃ በሳንቃ አነደዱ።

«ይኸ ማማ ሰው ሲያሞቅ የመጀመሪያው ነው» አለ አጎትየው።

ሬዲዮ የበቅሎዋን ቁስል በሸሚዙ እያሰረ ነበር። «የተወለደችው አጥሩ ከተነቀለ በኋላ ነው፤ ታውቂያለሽ?» አለ።

«ታዲያ መዞሩን ማን አስተማራት?»

«እናቷ። ባዝራዋ የጥይት ጠባሳ ነበረባት። ከኋላዋ እየተከተለች አደገች፤ አለቀ። ስለ አባቷ ግን አትጠይቂኝ፤ በቅሎ ስለ አባቷ አታወራም።»

ሲነጋ በሩ ላይ ደረሱ። በር ሲባል ሁለት የሲሚንቶ ምሰሶ ነው፤ ግራና ቀኙ ባዶ ሜዳ። ከምሰሶው ሥር የተቀመጡ ሦስት ሰዎች ጠመንጃቸውን ይዘው ተነሡ። አንደኛው የድሮ ጠባቂዎችን ካፖርት ለብሷል። ከጀርባቸው በቀይ ቀለም የራስ ቅል የተሣለበት ሳንቃ ተሰቅሏል።

«ቁሙ! ወዲያ ፈንጂ ነው» አለ ባለ ካፖርቱ። «በቀደም ላም በልቷል።»

አጎትየው ምርኩዙን ተክሎ ቆመ። ሬዲዮ በቅሎዋን ወደ ኋላ ሳበ።

ተመራማሪዋ መሬቱን አየች። ልማዷ ነው፤ ሰው ሲያወራ እግሩን ታያለች። ከሳንቃው ሥር የከባድ መኪና ጎማ የቆፈረው መስመር ወደ ደኑ ቀጥ ብሎ ይገባል፤ አንድ ቦታ እንኳ አልተጣመመም። ፈንጂ የሚፈራ ሰው እንዲህ አይነዳም። በባለ ካፖርቱ ትከሻ ላይ የመጋዝ ብናኝ አለ።

«መኪናችሁ ክንፍ አላት እንዴ?» አለች።

ሬዲዮ ሳቁን ዋጠ። ባለ ካፖርቱ ጠመንጃውን ቀጭ አድርጎ አቀባበለ።

«የምንፈልገው መቃብር ነው» አለች። «የእናንተን ግንድ ለማየት አልመጣንም።»

«ሂጂ እንግዲህ። ኃላፊነቱ የራስሽ ነው» አለ ባለ ካፖርቱ።

እግሯን ማንሣት ፈለገች። እግሯ እምቢ አለ። ፈንጂ እንደሌለ አእምሮዋ ያውቃል፤ ሰውነቷ ግን ወደ ግራ፣ ወደ ዞረው መንገድ ያዘነብላል። ያኔ የእናቷ እጅ ትዝ አላት። ልጅ ሆና፣ ሰውየው ከወደቀ በኋላ፣ እናቷ የደንብ ልብስ ባየች ቁጥር እጇን ጨብጣ ወደ ማዶው አስፋልት ታሻግራት ነበር። ምክንያቱን ጠይቃ አታውቅም። ከኋላ እየተከተለች አደገች፤ አለቀ።

ጎማው የቆፈረው መስመር ላይ ቀኝ እግሯን አሳረፈች። መሬቱ መሬት ነበር። ግራዋን አስከተለች።

«ጋሼ፣ ዱካዬን እየረገጡ ይምጡ።»

«ልጄ፣ አልችልም።»

«እማዬን ማን ይዟት ይምጣ ታዲያ?»

ሌላ እርምጃ ጨመረች። ዞር ብላ አላየችም። በመጨረሻ ምርኩዙ አፈሩን ሲወጋ ተሰማት። ያን ጊዜ ጥይት ጮኸ፤ ከራሳቸው በላይ ቅጠል ረገፈ። አጎትየው ትከሻዋን ያዘ፤ ሁለቱም አልቆሙም። ሌላ ጥይት አልተተኮሰም። ሰዎቹ የሚያውቁት ሳንቃውን አይቶ የሚዞርን ሰው ነው፤ ቀጥ ብሎ የሚያልፈውን ምን እንደሚያደርጉት አላወቁም።

ከመንደሩ የቀረ ግድግዳ የለም። በመቃብሩ ላይ ሰውየው ያስተከለው ዛፍ አድጎ፣ ተቆርጦ፣ ጉቶው በድንጋዮቹ መካከል ቀርቷል። ግማሹን መቃብር መኪና ጨፍልቆታል። አጎትየው በእጁ እየዳበሰ ሄደ፤ ለሁለት የተሰበረ ድንጋይ ጋ ሲደርስ ተንበረከከ። አላለቀሰም። ጎኑ ባለው ባዶ መሬት ላይ በጀርባው ተጋደመ፤ እግሩን ዘረጋ፤ ሰማዩን እያየ ቆየ።

«ይበቃታል» አለ። «ከእኔ ታጥራለች። ይኸ ሥር ግን መቆረጥ አለበት።»

ሲመለሱ በሩን ተዉት፤ በሣሩ ቀጥ ብለው ወጡ። በሩ ላይ የቀረው ሬዲዮ ሊከተላቸው በቅሎዋን ሜዳው ጫፍ ላይ አምጥቶ ለመነ፣ ተሳደበ፣ ጎተተ፤ እሷ ግን አራት እግሯን ተክላ ቀረች። በመጨረሻ እሷ እያነከሰች፣ እሱ እያጉረመረመ፣ አብረው ዞሩ።

ስልክ ከሚሠራበት ጉብታ ላይ ተመራማሪዋ ደወለች። ከኋላዋ የረገጡት ሣር በሜዳው መካከል እንደ ቀጭን ክር ተኝቷል።

«እማዬ፣ አያቴን አገኘናት። ጎኗ ቦታ አለ።»

የእናትየው ትንፋሽ ተሰማ። «ዞራችሁ ነው የገባችሁ?»

«ስንገባ ዞርን። ስንወጣ ግን ቀጥ ብለን ነው።»

«በመካከሉ?»

«በመካከሉ።»

ተመራማሪዋ ስልኩን ወደ ጆሮዋ አስጠጋች።

«እንግዲያው አትቸኩሉ» አለች እናትየው። «ትንሽ ልቆይ።»