ያልረጋው ወተት

መጀመሪያ ያየሁት በእንፋሎት ውስጥ ነው። የጠዋት ፀሐይ በአይብ ቤታችን መስኮት ገብታ፣ ከማሞቂያው ድስት የሚወጣው እንፋሎት ክፍሉን ጉም አስመስሎት ነበር። እሱ ሁለት የወተት ቢዶን ይዞ በሩ ላይ ቆሟል። ስለ ዓይኖቹ ባልጀምር ይሻላል፤ ከጀመርኩ አልጨርስም።

ክዳኑን ከፍቼ አሸተትኩ።

«ይሄን አልቀበልም» አልኩት።

«ምን አጠፋሁ?»

«ወንዱን ፍየል ከሚታለቡት ጋር ነው የምታሳድረው አይደል? ጠረኑ ወተቱ ውስጥ ገብቷል። አይብ ሲሆን ደግሞ ይብሳል።»

ቀስ ብሎ የሸሚዙን እጅጌ አሸተተ። «ኡፍ... እኔ መስሎኝ ደነገጥኩ!»

ሳቄ አመለጠኝ።

ወንዱን ፍየል ለብቻው አሳደረው። ከዚያ በኋላ የሚያመጣው ወተት ሌላ ሆነ። አይብ ቤቱ የአክስቴ ነው፤ የሚመጣውን ወተት ሁሉ የምቀምሰው ግን እኔ ነኝ። በየጠዋቱ ከእሱ ቢዶን አንድ ጭልፋ ጥሬውን እቀምሳለሁ። እሱም ቆሞ ያየኛል።

«ዛሬ ለምለም ቅጠል በልተዋል» እለዋለሁ።

«አንቺ አፍንጫ! የበሉትንም ታውቂያለሽ?»

«ማን እንዳለባቸውም ጭምር።»

ከሄደ በኋላ ቀኑን ሙሉ አጓቱ ከጨርቁ ጠብ ጠብ ሲል እየሰማሁ ስለ እሱ አስባለሁ። አክስቴ ሁለት ጊዜ ካልጠራችኝ አልሰማትም።

ከዚያ ጉንፋን ያዘኝ። ስስል ሲሰማ ፊቱ ተለወጠ፤ ወተቱን ገልብጦ ፈጥኖ ሄደ። በማግስቱ ያመጣው ወተት አልረጋም። ወተቱን የሚያረጋውን ቅመም ጨመርን፣ ጠበቅን... ቢላዋው ሲገባበት እንደ ሾርባ ተበተነ። በሚቀጥለው ቀንም እንዲሁ። በሦስተኛው ቀን አክስቴ ወገቧን ይዛ በር ላይ ጠበቀችው።

«አንተ ልጅ፣ ውሃ ጨምረህበታል!»

«የውሃ ጠብታ አልነካውም፣ እትዬ።»

«ደህና ወተት እንዲህ አይሆንም። ሁለተኛ እዚህ በር ላይ እንዳላይህ!»

ወደ እኔ ዞረ። «አንቺም እንደዚያ ነው የምታስቢው?»

አይደለም ልለው ፈለግሁ። ግን አፍንጫዬ ተደፍኗል፣ ምላሴ ጣዕም አይለይም፤ ለምን እንዳልረጋ እኔም አላወቅሁም። ዝም አልኩ። ቢዶኖቹን አንስቶ ወጣ።

በማግስቱ አልመጣም። ከዚያም አልመጣም... የሌሎች ወተት ረጋ፣ እኔ ግን መርጋት አቃተኝ። እንዲህ ሆኖ ቢቀርብኝስ? እያልኩ ስብሰለሰል ሰነበትኩ። በመጨረሻ መንገድ እየጠየቅሁ ቤቱ ሄድኩ።

እናቱ ግቢው ውስጥ ቁጭ ብለው የድስት ቂጥ ይፈትጋሉ።

«አፍንጫ የሚልሽ አንቺ ነሽ?» አሉኝ ቀና ብለው።

«እኔ ነኝ፣ እማማ።»

«እንግዲያው ነይና ድስቴን እጠቢ! ልጄ ‹ልጅቷ ጥሬውን እየቀመሰች ታመመችብኝ፣ ሳሏ የኔ ወተት ጣጣ ነው› እያለ ወተቱን ሁሉ ሲያፈላ ሰንብቶ አሳረረልኝ!»

ለካ አፍልቶ፣ አቀዝቅዞ ነበር የሚያመጣልኝ! የፈላ ወተት ደግሞ ለአይባችን እሺ ብሎ አይረጋም። ጉንፋን ባይዘኝ ኖሮ በመጀመሪያው ጭልፋ እለየው ነበር።

ዞር ስል የበረቱ በር ላይ ቆሟል።

«ለምን አልነገርክም?»

«ማፍላቱ ጥፋት መሆኑን በምን አውቄ? ደግሞ... አንቺ ካላመንሽኝ ለማን ላስረዳ?»

«እኔ እኮ ጉንፋን ነው የያዘኝ፣ ጅሉ!»

«ለእኔ ያድርገው» አለ ቀስ ብሎ።

አለቀስኩ። «ዝም ማለት አልነበረብኝም። ይቅር በለኝ... እወድሃለሁ።»

እሱ መጥቶ እንባዬን በእጅጌው ጠረገልኝ፤ እናቱም ድስታቸውን ይዘው ወደ ቤት ገቡ።

በማግስቱ ጠዋት ያልፈላ ወተቱን ይዘን አክስቴ ፊት ቀረብን። ሁሉንም ነገርኳት። የሚያረጋውን ጨምረን ሦስታችንም ድስቱ ላይ አጎንብሰን ጠበቅን። አክስቴ ጣቷን አስገብታ ቀስ ብላ ወደ ላይ አነሳች፤ የረጋው ጥርት ብሎ ተሰነጠቀ።

እሱን አየችው፣ እኔን አየችኝ።

«ነገ ከእናትህ ጋር ና» አለችው።

«ለወተት እናቴን ምን ላድርጋት፣ እትዬ?»

«ለወተቱማ አንተ ትበቃለህ!»

የዚያን ቀኑን አይብ አልሸጥነውም። መደርደሪያው ጥግ አስቀምጠን፣ በየቀኑ እያገላበጥን ጠበቅነው። ሠርጋችን ላይ አክስቴ ራሷ ቆረሰችው።